ወይ ብዪው፣ ወይ ተዪው

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12፣ ከ.ሰ. 6፡20

ዛሬም ሁለት ሉር ዛፍ ላይ ቀረብኝ። ደብተሬ፣ እስካሁን ያልነገርኩሽ እንዴት እንደምጀምረው ስላላወቅኩ ነው። ትስቂብኝ ይሆናል። ዓሣ ማጥመድ ጀምሬያለሁ። እኔ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከፎቁ በታች የቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ቤት የለቀቀ ሰው የማጥመጃ ዘንግ ጥሎ ሄዷል። ክር መጠቅለያው፣ ሪሉ፣ ይሠራል። አንድ ሣጥን ሉርም አብሮት ነበር። ሉር የውሸት ዓሣ ናት። ከላስቲክ የተሠራች፣ ጅራቷ የሚወዛወዝ፣ ጀርባዋ ላይ መንጠቆ የወጣላት። ትል የለም፣ ዳቦ የለም። ዓሣውን የምታታልዪው በእጅሽ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ገና ማንንም አላታለልኩም።

ከሰፈራችን ከዋይት ሲቲ በ220 አውቶቡስ እስከ ጀልባው ቦይ፣ እስከ ካናሉ ድረስ እሄዳለሁ። ሰው ሲያልፍ ስልኬን የማይ እመስላለሁ። ሲርቅ እወረውራለሁ። ት/ቤት አፌን ሳልከፍት የምውልባቸው ቀናት አሉ፤ መምህሯ ወደ ቤት ደብዳቤ ጽፋለች። ካናሉ ዳር ግን ዝምታ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ጎበዝ ያሰኛል።

በአማርኛ የምጽፍልሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሱዳን እያለን አራት ዓመት ት/ቤት አልገባሁም። እንግሊዝኛ ስጽፍ ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ይሞላል። ይህን ፊደል ግን አባ ነው ቤት ውስጥ ያስተማረኝ። እዚህ ማንም አያርመኝም። ሰዓቱን ብቻ በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሰኞ፣ ጁላይ 14፣ ከ.ሰ. 7፡00

ዛፉ አይደለም ጥፋተኛው፤ ቋጠሮዬ ነው። ትንሽ ሳብ ሳደርገው ይፈታል። ዛሬ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሃያ ጊዜ አሰርኩ። ክሩን አምስት ጊዜ መጠምዘዝ፣ ጫፉን መመለስ፣ ከማጥበቅሽ በፊት በምራቅ ማራስ። ደረቅ ክር ሲጠብቅ ይቃጠላል። ማንም አልነገረኝም። ቪዲዮ አይቼ ነው።

ሊፍቱ ተበላሽቷል። ደረጃው ላይ ጋሽ ክፍለ ያዙኝ። ከኛ በታች ያሉት ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል፣ የምጽዋ ልጅ ነኝ ይላሉ። ዘንጉን አዩት። ሉሯን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ተመለከቷት።

«ላስቲክ! ልጄ፣ ዓሣ እንደ ሰው ሞኝ መሰለሽ?»

እሳቸው ቀጠሉ። ምጽዋ ዘንግ የሚባል ነገር የለም፤ ክሩን በጣት ነው የሚይዙት። ዓሣ መጀመሪያ የሚናገረው ለጣት ነው አሉ። ከዚያ ስለ ሊፍቱ ፎቁን የሚያስተዳድረውን ካውንስል መርገም ጀመሩ። «እሺ ጋሼ» እንኳ ሳልል ወጣሁ። ሳስበው አፈርኩ። ግን ክፍሌ ገብቼ ክሩን በሌባ ጣቴ ላይ አሳለፍኩት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16፣ ከ.ሰ. 8፡15

ያዝኩ!!!

ከድልድዩ ሥር። ወረወርኩ። አምስት እስክቆጥር ሰመጠች። ቀስ ብዬ አነሳሁ፣ ሁለት ዙር ጠቀለልኩ፣ አቆምኩ። እስካሁን ዝም ብዬ ጠቅልል ጠቅልል ነበር የማደርገው። ዓሣ የሚመታው ስታቆሚ ነው! ጣቴ ላይ «ቶክ» አለኝ። እንደ በር ማንኳኳት።

ፐርች ነው። አረንጓዴ፣ ጥቁር መስመር ያለው፣ ክንፉ ቀይ። ጀርባው እሾህ ነው፤ ሁለት ጣቴን ወጋኝ። ቢስሚላህ ብዬ በፌስታል አስገባሁት። አውቶቡስ ውስጥ ፌስታሉ ሲንፈራገጥ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። ግድ አልሰጠኝም።

እማ በሎሚ አጥባ በሚጥሚጣ ጠበሰችው። ለሦስት ሰው አራት ጉርሻ አይሞላም። አባ ከሥራ እንደገባ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ልብሱን ሳይቀይር ቁጭ አለ። አባ የወሎ ሰው ነው፤ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ እየበላ ያደገ። አጥንቱን እየላሰ፣ «ማሻአላህ! የምትቀልበን ልጅ ወልደናል ለካ» አለ። እማ ሳቀች። እኔ ሳህን ሳጥብ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19፣ ከ.ሰ. 3፡40

አሁን ሮጬ መግባቴ ነው። ጽሑፌ ካልተነበበ ይቅርታ።

አንድ ፐርች ያዝኩ፣ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ትልቅ አረንጓዴ ጃንጥላ ያለው ሰውዬ ከመቀመጫው ተነስቶ መጣ። ጮኸ። የማጥመጃ ላይሰንስ የታለ? ዓሣውን የት ልትወስጂው ነው? እናንተ ሰዎች ያገኛችሁትን ሁሉ ትበላላችሁ፣ ካናሉን ባዶ አስቀራችሁት። ፌስታሉን ነጥቆ ውሃው ውስጥ ደፋው። ዓሣው ሄደ። ሰውዬው ፎቶ አነሳኝ። ሂጃቤን፣ ፊቴን፣ ሁሉን። ፎቶው የት እንደሚሄድ አላውቅም።

ዘንጉን ይዤ ሮጥኩ።

አላለቀስኩም። እሺ፣ ትንሽ።

እሑድ፣ ጁላይ 20፣ ከጠዋቱ 11፡00

ትናንት ፈራሁ። ዛሬ ተናድጃለሁ። ንዴት ይሻላል።

ሁሉንም ቼክ አደረግኩ። ላይሰንስ ያስፈልጋል። በኔ ዕድሜ ነፃ ነው። አፕላይ አደረግኩ፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለካናሉም ለብቻው ፈቃድ አለ፤ እሱንም አወጣሁ። ከዚያ የካናሉን ደንብ አነበብኩ። ዓሣ ሁሉ ወደ ውሃው ይመለሳል። ሁሉም።

ስለዚህ በዚህ በኩል ሰውዬው ልክ ነው። አላወቅኩም ነበር። እኛ ቤት ዓሣ ይዞ የማይበላ ሰው አለ ብሎ ማን ያስባል?

ግን «እናንተ ሰዎች» የሚል ደንቡ ውስጥ የለም። ሁለቴ ፈልጌ አጣሁት።

የመንጠቆዎቹን ትንንሽ እሾሆች በፒንሳ ደፈጠጥኳቸው፤ የዓሣው አፍ ሳይቀደድ እንዲወጡ። እመለሳለሁ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 24፣ ከ.ሰ. 9፡00

ተመለስኩ። ሆን ብዬ ከጃንጥላው ሠላሳ እርምጃ ላይ ቆምኩ። ሰውዬው መጣ። አፉን ሳይከፍት ስልኬን ፊት ለፊቱ ዘረጋሁ። ላይሰንስ። ፈቃድ። አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። ይቅርታ የለም። አልጠበቅኩም።

ሦስት ፐርች ያዝኩ። እጄን በውሃ አርሼ ከመንጠቆው ነቀልኳቸው፣ መለስኳቸው። አንደኛውን በስልኬ ቀረጽኩት።

ማታ ለአባ አሳየሁት። ፊቱ ተቀየረ።

«ለምን ለቀቅሽው?»

«ደንቡ ነው።»

«ልትለቂው ከሆነ ለምን ወጋሽው?»

ሩሕ፣ ነፍስ ያለው ነገር መጫወቻ አይደለም አለ። አልጮኸም፤ አባ ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል። «ወይ ብዪው፣ ወይ ተዪው።» ዘንጉን ወስዶ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለው። እማ ልታስታርቅ ሞከረች፤ ዝም አሰኛት።

እዚያ አትብዪ ይሉኛል። እዚህ አትልቀቂ ይሉኛል። የሚያናድደው ሁለቱም እውነት አላቸው። ታዲያ እኔ የት ልቁም?

አላቆምም ግን። ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ የሆነ ነገር ነው ያገኘሁት። አላቆምም።

ሰኞ፣ ጁላይ 28፣ ከ.ሰ. 8፡30

ጋሽ ክፍለ የካውንስል ደብዳቤ ይዘው መጡ፤ አባ ፎርሙን ይሞላላቸዋል። እማ የዘንጉን ነገር አነሳችላቸው። ሳቃቸው አሳላቸው።

«አንተ ሹፌር፣ የካናል ዓሣ እኮ የእስር ቤት ዓሣ ነው! ልጅቷን ወደ ባሕር ስደዳት።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ባሕር ካሉ ማቆሚያ የለዎትም» አለ አባ። እየሳቀ ግን።

እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ስለ ባሕሩ ቀድሜ አንብቤያለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ነገር አላነበብኩም። ባስ የሚባል የባሕር ዓሣ አለ። ብርማ ነው፣ ሉር ያሳድዳል። ባሕር ላይ ላይሰንስ አይጠየቅም። ወደ ቤት መውሰድ ይቻላል፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 42 ሴ.ሜ. ከሞላ። ካልሞላ ይመለሳል።

«አርባ ሁለት ሴንቲ ሜትር» አልኩ። ጮክ ብዬ። ሦስቱም ዞሩ። ዕቃ የተናገረ ነው የመሰላቸው። ያነበብኩትን እስከ መጨረሻው ተናገርኩ።

አባ ተነስቶ ዘንጉን አወረደው። የሚበላ ዓሣ እንዳመጣ ሁለት ቅዳሜ ሰጥቶኛል። ለመብላት ከሆነ እሺ፤ ለጨዋታ ከሆነ ግን ዘንጉ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ወሬውም ያበቃል። እማ በየሰዓቱ ደውዪ አለች። ጋሽ ክፍለ ሲወጡ ጭንቅላቴን ነካ አድርገው «ለኔም የዓሣውን ጭንቅላት አምጪልኝ፣ ሾርባ ይሆናል» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2፣ ከ.ሰ. 5፡00

ሳውዝኤንድ፣ የባሕር ዳር ከተማ። በባቡር አንድ ሰዓት። ባሕር ለማየት ሄጄ ባሕሩ የለም! ሄዷል። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ጭቃ። ባሕር በቀን ሁለቴ እንደሚሄድና እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ሰዓቱን ቼክ ማድረግ ግን ትዝ አላለኝም። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ጎትቼ አወጣሁት። ቺፕስ የሚበሉ ልጆች ሳቁብኝ።

ባዶ እጄን ገባሁ። አንድ ቅዳሜ ቀረ።

ደህና። ባስ ከሚመጣው ውሃ ጋር ነው የሚመጣው፤ ውሃው ከሸፈነው ጭቃ ምግቡን ሊለቅም። ስለዚህ የሚቀጥለው ሳምንት ውሃው መምጣት ሲጀምር እዚያ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ለካናሉ የገዛሁት፣ ሉሯን የሚያሰምጠው የእርሳስ ክብደት ለባሕር ይቀልላል። ከበድ ያለ አሰርኩ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9፣ ከ.ሰ. 7፡45

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ካልሆነ ይጠፋብኛል።

ጠዋት 9 ሰ. ደረስኩ። ውሃው እየገባ ነው። ነፋስ። ሂጃቤን ጃኬቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ሉሯን ውሃው ወደሚገባበት ጎን ወረወርኩ፤ ውሃው ራሱ ይውሰዳት ብዬ። ክሩ ጣቴ ላይ። አንድ ሰዓት ምንም። ሁለት ሰዓት ምንም። እማ ሁለቴ ደወለች።

ከዚያ ማንኳኳት አይደለም፤ በሩን ሰበረው! ሪሉ ጮኸ፣ ክሩ ሮጠ። ካናል ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ክሩ እንዳይበጠስ ሪሉን ላላ አደረግኩት። ሲጎትት ተውኩት፣ ሲደክም ጠቀለልኩ። ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበርኩ። መቼ እንደገባሁ አላውቅም።

ባስ። ደብተሬ፣ ብታዪው! እንደ አዲስ ሳንቲም የሚያበራ። እርጥብ ድንጋይ ላይ አጋድሜ ለካሁት። 39። እንደገና ለካሁት። 39። አፉን ዘግቼ፣ ጅራቱን ሰብስቤ። 39።

አጠገቤ የሚያጠምድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ አለ። ጠዋት ሰላም ብሎኛል፣ ክፉ ሰው አይደለም። ውሰጂው የኔ ልጅ፣ ማንም አያይሽም አለኝ። የአባን ሳህን አሰብኩ። የመጨረሻ ቅዳሜዬ መሆኑን አሰብኩ። ፌስታሉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ዓሣውን ሆዱን ደግፌ ውሃው ውስጥ ያዝኩት፣ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሬ። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ። በጅራቱ መታኝና ሄደ።

ቤት ገባሁ። አባ ምግብ ላይ ነበር። «የታለ?» አለ። ነገርኩት።

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

ማኘኩን አቆመ። ከዚያ፣ «እንግዲህ ያው ነው። ወጋሽ፣ ለቀቅሽ» አለ። ተነስቶ ዘንጉን ሰቀለ። ሰኞ ለሚወስደው ሰው ይሰጠዋል። እማ ወደኔ አየች፤ እኔ ወደ ክፍሌ ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው።

ከ.ሰ. 8፡30

ያው አይደለም። ያው አይደለም! ለጨዋታ አልሄድኩም። ለምሳ ነው የሄድኩት። ምሳዬ ግን ገና አላደገም።

አባ ጠዋት በ5 ሰ. አውቶቡሱን ሲያወጣ መንገዱ ባዶ ነው። ቀይ መብራት ላይ ግን ይቆማል። ራሱ ነው የነገረኝ። ማን አየህ ብሎ የሚጠይቀው አለ? መብላት የተፈቀደልኝን ለመብላት፣ ያልተፈቀደልኝን ለመመለስ ነው የምወረውረው። ይህን ሁሉ ቅድም ልለው ይገባ ነበር። እዚያው ቆሜ። አፌ ውስጥ ነበር እኮ፤ ዋጥኩት። ሁልጊዜ እውጣለሁ።

ነገ እሑድ ነው፣ አባ ሥራ የለውም። ውሃው ከ.ሰ. 2 አካባቢ ይሞላል። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን፣ ሰግዶ ሲጨርስ ወንበር አምጥቼ፣ እያየኝ፣ ዘንጉን አወርዳለሁ። ከዚያ የጻፍኩትን ሁሉ በአፌ እነግረዋለሁ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጥ። ና አብረን እንሂድ፣ ቆመህ እየኝ እለዋለሁ። ከመጣ መጣ። ካልመጣም ወዴት እንደምሄድ አሳውቄው፣ በፊት ለፊቱ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ። 42 ከሞላ ለሳህኑ አመጣለታለሁ። ነገም 39 ከሆነ ነገም እመልሰዋለሁ፤ ነገም መጥቼ እነግረዋለሁ።