የሰኞው ሾፌር

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ሰው አታስጨርሺም፤ እኔም እንደ ልማዴ “እሺ፣ እሺ” ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ይኸው ወረቀት አነሳሁ። ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ጉዳዩ የመኪናው ነው። “ሞተሩ ሳይታደስ ልጄን እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አላስቀምጥም” ብለሽ ነበር፤ አልፈረድኩብሽም። ሞተሩ ከታደሰ ግን ትምህርት ከሚከፈትበት ሰኞ ጀምሮ የልጅ ልጄን ድንቡሼን ትምህርት ቤት የማመላልሳት እኔ እንድሆን ስትስማሚ፣ ደስታዬን እንዳታዪብኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አውቶብስ በምነዳበት ዘመን ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ይጠብቀኝ ነበር። የሚረግመኝም ቢሆን ጠብቆኝ ነው የሚረግመኝ። ጡረታ ከወጣሁ፣ ይልቁንም እናትሽ ካረፈች ወዲህ፣ ጠዋት ተነስቼ የምደርስለት ሰው አልነበረኝም።

ሞተሩ ወረደ፣ ተፈታ፣ ታደሰ፣ ተመልሶ ተገጠመ። መካኒኩ ቁልፉን ሲሰጠኝ “ጋሼ፣ ለጥቂት ቀን እንዳይሮጡበት፤ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ይዩት” አለኝ። “አንተ ሳትወለድ ነው መሪ የጨበጥኩት” ብዬ ቀለድኩበት። እሱም ሳቀ። ያን ዕለት በቀጥታ ወደ አንቺ ነበር የተነሳሁት፤ መኪናዋን ላሳይሽ። ሞተሩ እንደ አዲስ የልብስ ስፌት መኪና ድምፁ ልስልስ ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሞተር የምነዳው በጆሮዬ ነው። እሱን እያዳመጥኩ በደስታ ዳገቱን ያዝኩት።

ዳገቱ መሐል ላይ ፊት ለፊቴ ደበዘዘ።

ያልነገርኩሽ ነገር እዚህ ላይ ነው። ለእኔ መደብዘዝ አዲስ ነገር አይደለም። ጠዋት ስነሳ ይደበዝዘኛል፤ ፀሐይ ፊት ለፊቴ ስትሆን ይብሳል፤ ሲመሽ መብራት ሁሉ ጢም ያወጣል። መንጃ ፈቃዴን ሳሳድስ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ያነበብኳቸው እንዳይመስልሽ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰምቼ በቃሌ ያዝኳቸው። መርማሪዋ “ጎበዝ አባት” ስትለኝ አላፈርኩም፤ እንዲያውም ኮራሁ።

እና ያን ዕለት መስታወቱ ጭጋግ ሲሆንብኝ ዓይኔን በእጅጌ ጠረግሁ። አልጠራም። ደግሜ ጠረግሁ። ነፋስ ቢያገኘኝ ይሻለኛል ብዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ መንዳቴን ቀጠልኩ። የሙቀቱን መርፌማ ማየት ከተውኩ ቆየሁ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ሆኖብኛል። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጡሩምባውን እየነፋ ከጎኔ መጣና አንገቱን አውጥቶ “አባት፣ እየፈላ ነው እኮ፤ አያዩም እንዴ?” አለኝ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ከመኪናው ወርጄ ስጠጋ ነው ነጩ እንፋሎት ከኮፈኑ ሥር እየተነሳ መስታወቱን እንደሸፈነው ያየሁት። ያን ሁሉ ዳገት እንፋሎቱን ዓይኔ ነው ብዬ ነዳሁት።

ጋራዥ ተጎትታ ስትገባ ነገሩ ታወቀ። ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ማጥበቂያው ላልቶ ውሃው ፈሶ አልቋል። ይሄ የመካኒኩ ጥፋት ነው፤ እሱም አልካደም። ነገር ግን መፍላት እንደጀመረ ባቆመው ኖሮ ቱቦውን አጥብቆ፣ ውሃ ሞልቶ ይሸኘኝ ነበር። እኔ ስለነዳሁት ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ተጣመመ፤ የታደሰው ሞተር እንደገና ተፈታ።

“ጋሼ፣ ከፈላ በኋላ ብዙ ነድተዋል?” አለኝ።

“ኧረ ድንገት ነው። እንፋሎቱን እንዳየሁ አቆምኩ።”

የተጣመመውን ብረት በጣቱ ዳሰሰው፤ ቀና ብሎም ዓይኖቼን አየ። “እሺ ጋሼ” አለ።

አንቺ የደወልሽለት ያኔ ነው። ድምፅሽ ከስልኩ እያመለጠ እስከ እኔ ይደርስ ነበር። ልጄ ውስጡ ብትኖርስ አልሽው። ነፍሰ ገዳይ አልሽው። እሱ “ልክ ነሽ እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ በራሴ ኪሳራ ሠርቼ አስረክባለሁ” ይላል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ጎማ የማይ መስዬ ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤትሽም ለሥራ ባልደረቦችሽም ስሙን እያነሳሽ ሰው እንዳይሄድበት እንደምትናገሪ ሰምቻለሁ። የሰውየውን እንጀራ እየዘጋሁበት ያለሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።

አሁን መኪናዋ ተሠርታ አልቃለች። ትናንት መካኒኩ ራሱ ዳገቱን ወጥቶ ወርዶባታል፤ መርፌዋ ከመሐል ንቅንቅ አላለችም። አንቺም ደውለሽ “በል እንግዲህ አባዬ፣ ሰኞ እንዳትቀርብን” አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ድንቡሼን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ በሐሳቤ ማለቴ ነው። እንደ ልማዷ ትለፈልፋለች። ፊት ለፊቴ ደበዘዘ። ዓይኔን ጠረግሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አቃተኝ። ልጄ፣ በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ሰኞን ለሌላ ሰው ስጪው። የዓይን ሐኪም ቀጠሮም አስይዢልኝ፤ ሰበብ ብፈጥር አትስሚኝ። ዓይኔ ከዳነ እሰየው፤ ካልዳነም መሪ ጨብጬ አልቀመጥም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ መካኒኩ ነው። የመኪናዋንም ቁልፍ የሚሰጥሽ እሱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ አያውቅም። “ልጅዎ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ” ሲለኝ ነበር፤ ለምኜ ነው የላክሁት። አሁን ይህን ስታነቢ በር ላይ ቆሞ ከሆነ ግባ በይው። የምትይውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ለድንቡሼ ግን ምንም እንዳትነግሪያት። አያቴ ነው የሚወስደኝ እያለች ለጓደኞቿ ስታወራ እንደከረመች አውቃለሁ፤ ከሌላ ሰው መስማት የለባትም። እሑድ መጥቼ ራሴ እነግራታለሁ። በአውቶብስ ነው የምመጣው፤ ከኋላ ቁጭ ብዬ፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ።

የሚወድሽ አባትሽ