ስኮትላንዳዊው የጻፈው ሙሾ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እማዬ፣ ዓይንሽ እንዴት ሆነልሽ? ፋሻው ተነሳልሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ አልቻልኩም። ይህን ደብዳቤ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ኪዳኔ የሚሰጥሽ እሱና የንስሐ አባትሽ የመጡበትን ከነገሩሽ በኋላ ነው። ቀድሞ እንዳይሰጥሽ በመድኃኔዓለም አስምዬዋለሁ።

ሐኪምሽ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ዓይኗን እንባ እንዳይነካው ስላለ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ያሉት ሽማግሌዎች መርዶው እስክትድኚ ይቆይ አሉ። ፎቶ እንዳይወጣ፣ ፌስቡክ ላይ እንዳይጻፍ፣ ጮክ ተብሎ እንዳይለቀስ። በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ የሰዉን ስልክ በዘንቢል የሰበሰብኩት እኔው ነኝ። ወንድምሽ እንዳልክ ምነው ድምፁ ጠፋ ስትዪኝም፣ በትራኩ ጭነት ይዞ ሩቅ ሄዷል ያልኩሽ እኔው ነኝ።

ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር የገዛነው ቤት ምድር ቤቱን የተከራየ ዱገል የሚባል ስኮትላንዳዊ አለ፤ ለኦርኬስትራ ሙዚቃ የሚደርስ ሰው ነው። በወጣትነቱ ለንደን ላይ ተጨብጭቦለት ነበር፤ ከዚያ ጊዜው አለፈና ኦርኬስትራዎቹ ረሱት፣ በየትምህርት ቤቱ ፒያኖ እያስተማረ ሸበተ። የዴንቨር ኦርኬስትራ አዲስ ሙዚቃ እንዲጽፍለት የሰጠው ሥራ የመጨረሻ ዕድሉ ነበር። ወራት ሙሉ እየጻፈ ይቀዳድዳል፣ አልሆንልህ አለው።

የልብስ ማጠቢያው ከክፍሉ ጎን ነው። ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን ማሽኑ ሲጮህ እኔም ጮህኩ፤ ሰው ፊት የዋጥኩትን ሙሾ እዚያ አወረድኩት። ዱገል ሰምቶ ኖሮ ምን ዘፈን ነው አለኝ። የድሮ ነው፣ የእናቴ አገር ነው ብዬ ዋሸሁት። ድገሚልኝ ሲለኝ ደገምኩለት።

ለመዘምራን አድርጎ ጻፈው። ከኮንሰርቱ በፊት መጨረሻው ላይ ያለው ቃል ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ስም ነው አልኩት። የምታውቂው ሰው ከሆነ ላውጣው አለኝ፣ ደግ ሰው ነው። ተወው አልኩት። እማዬ፣ ጥፋቴ ይህ ነው። የሰዉን ሁሉ አፍ ዘግቼ፣ እኔ ግን አንድ ቦታ እንኳ ስሙ ጮክ ተብሎ እንዲጠራ ፈለግኩ። ያ ሁሉ ፈረንጅ ተሰልፎ ወንድሜን ሲጠራው ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ፤ ደስም አለኝ።

አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። አሁን ዱገልን ለንደንም ኤድንብራም ይፈልጉታል። የኮንሰርቱ ቪዲዮ ግን በየስልኩ ተሰራጭቶ ከእኛ እጅ ወጣ። እዚሁ ሎውሪ ሰፈር ያለችው ውድነሽ ደውላ፣ አንቺ፣ ልጆቼ ሼር ያደረጉት ነገር እኮ ሙሾ ነው፣ ከሽማግሌ ቀድሞ እናትሽ ዘንድ ሊደርስ ነው ብላ ጮኸችብኝ። ጋሼ ኪዳኔ ዓይንሽ ሳይጠና በችኮላ የበረረው ለዚህ ነው።

ዱገል እውነቱን ስነግረው አለቀሰ፤ ከየቦታው አስወርደዋለሁ፣ ሁለተኛም አይዘመርም አለኝ። የሚወስነው የወለደችው ናት አልኩት። ይዘመር ካልሽ ይዘመራል፣ ይቅር ካልሽ ይቀራል።

እመቤታችን ብርሃንሽን ትጠብቅልኝ፣ ጉልበቱንም ትስጥሽ። ማልቀስሽ አይቀርም፤ ብቻ በንጹሕ ጨርቅ ቀስ አድርገሽ አድርቂው እንጂ ዓይንሽን አትሺው።

አንድ የቀረሁልሽ ልጅሽ