የሴት እጅ የነካው አውሮፕላን

ጥር 17፣ ቅዳሜ፣ ጠ. 1፡15

እንደገና ተከሰከሰ። በሪሞቱ ቀኝ ስለው ግራ ሄደ። አሸዋው ላይ በአፍንጫው ተተከለ። ፕሮፔለሩ ተሰበረ፣ የግራ ክንፉ መሀል ለመሀል ተሰነጠቀ። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ነው፣ በዚህ ሰዓት ከፍየልና ከአሸዋ ጫኞች በቀር ማንም የለም። ጫኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ሳቁብኝ። አንዱ በኦሮምኛ፣ ሴትዮዋ ዶሮ ብትወረውር ይሻላት ነበር አለ። ኦሮምኛ የማልሰማ መስሎታል። ስለ እናቱ በኦሮምኛ መለስኩለት። አካፋውን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እውነቱን ልንገርሽ? ሲሰበር ትንሽ ደስ አለኝ። የፉ. ነዋ።

ስሙን ሙሉ ለመጻፍ ቀለም አላባክንም፣ አንቺ ደብተር። የቀድሞ ባሌ ነው፣ ፉ. ይበቃዋል። ጅቡቲ ሆኖ በስልክ፣ በድምፅ መልእክት የፈታኝ። ሸሚዙን እያሰጣሁ ነበር የሰማሁት። አስጥቼ ጨረስኩ። ለምን እንደጨረስኩ እስካሁን አላውቅም፣ ባስታወስኩት ቁጥር በራሴ እናደዳለሁ።

ጥር 18፣ እሑድ፣ ከሰ. 10፡00

የፍቺውን ንብረት ሊያካፍል ሽማግሌ መጣ። አው ዩሱፍ መሀል፣ ግራና ቀኙ ሁለት ጢማሞች። እማ ጥፋቱ የእሷ ይመስል እያጎነበሰች ሻይ ታቀርባለች። ፍርዱ፦ ፍሪጁና አልጋው ለእኔ፣ አውሮፕላኑ ለፉ.። ከሠርጉ በኋላ ባለው ዓርብ እንደነበረ ይመለስ። አው ዩሱፍ "እንደነበረ" የምትለዋን ጣቱን አንስቶ ደገማት። ቁም ሳጥን ላይ ሳጥኑ ውስጥ ያለ መስሏቸዋል። አልጋ ስር ተሰንጥቆ ተኝቷል። እሺ አልኩ፣ አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት ላይ ጎበዝ ነኝ፣ ትዳሬን ሙሉ ተለማምጄዋለሁ።

አዎ፣ ሠርግ አለ፣ የፉ.። የካቲት 9፣ ረመዳን ሳይገባ። ሙሽራዋ ነጂማ ትባላለች። እዚሁ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ እኔው ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። እኔ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፣ የእሷን ኮሌታ እያገላበጥኩ አያለሁ፣ ስፌቱ የተጣመመውን ወርውሬ እመልሳለሁ። ዱንያ ስታላግጥ እንዲህ ነው።

እማ ሽማግሌዎቹን ሸኝታ ስትመለስ፣ ልጅ ብትወልጂለት ኖሮ መጫወቻውን ለልጁ ብሎ ይተወው ነበር አለችኝ። የወለደችኝ እናቴ። ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ አጠብኩ።

ሳጥብ ወሰንኩ። መልሺ ብለዋል፣ እመልሳለሁ። በአየር። ከነሞተሩ፣ የሠርጉ ድንኳን ውስጥ፣ ሙሽራው የተቀመጠበት ሶፋ ላይ። እስከዚያ ማብረር መቻል አለብኝ። አስተማሪ የለኝም። ድሬ ውስጥ ይህን ነገር ሲያበር የማውቀው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ሙሽራው።

ጥር 21፣ ረቡዕ፣ ጠ. 4፡00

ሱፐር ግሉ የክንፉን ፎም በላው። እዚህ ታይዋን ገበያ ያለው ሻጭ፣ ወላሂ ብረት ይይዛል ብሎ ነው የሸጠልኝ። ብረት ይይዝ ይሆናል፣ ፎሙን ግን እንደ ስኳር አቀለጠው። ስንጥቁ ጉድጓድ ሆነ። በፎም ቁራጭና በእንጨት ኮላ ደፈንኩት፣ ዙሪያውን በፕላስተር ጠመጠምኩ። ያስጠላል። ብቻ ይብረር።

አሁን ዋናው ነገር። ዩቲዩብ ላይ አንድ ህንዳዊ አገኘሁ። ሪሞቱ ፊት ለፊት፣ ከታች በኩል፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ማብሪያዎች አሉ። የክንፉ ማብሪያ ወደ ላይ ከሆነች ቀኝ ቀኝ ነው። ወደ ታች ከሆነች ቀኝ ያልሽው ግራ ይሄዳል። ከማስነሳትሽ በፊት የሪሞቱን ዘንግ በጣትሽ ገፋ አድርገሽ ክንፉ ወዴት እንደሚታጠፍ እዪ ይላል። አየሁ። ወደ ታች ነበረች።

ቁጭ አልኩ። ከመፋታታችን በፊት፣ አንድ ቀን አውሮፕላኑ ላይ አቧራ አይቼ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። በሳምንቱ ፉ. ጓደኞቹን ሰብስቦ ደቻቱ ወረደ። ገና ሲነሳ ወደ ግራ ተጠቅልሎ ወደቀ። የሴት እጅ ነክቶት ነው አለ፣ ሁሉም ፊት። ሰፈሩ ሰማ። ሳምንታት አኮረፈኝ። አልቅሼ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ አቧራ ስለጠረግኩ! ከዚያ ጠግኖ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው፣ ዳግመኛ አላበረረውም።

ሪሞቱን ግን ያኔ ነክቼው አላውቅም። መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበት ነበር፣ ቁልፉ ከኪሱ አይወጣም። መሳቢያውን በቢላ የከፈትኩት ከፈታኝ በኋላ ነው። ማብሪያዋን ሲነካካ የገለበጣት ራሱ ነው። እስከ ዛሬም አያውቅም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ፣ ጠ. 1፡00

በረረ! ማብሪያዋን ወደ ላይ አድርጌ፣ ክንፉን አይቼ፣ ወረወርኩት። ቀጥ ብሎ፣ ፍየሎቹን አልፎ፣ ከድልድዩ በላይ። ማዞር ፈራሁ፣ ሞተሩን ዘጋሁት። ግራር ላይ ተሰቀለ። ያ ባለ አካፋ ወጥቶ አወረደልኝ። አመሰግናለሁ አላልኩትም። የዶሮዋን ነገር አልረሳሁም።

ጥር 28፣ ረቡዕ፣ ጠ. 1፡40

ከእኔ ሲሄድ ጥሩ ነኝ። ወደ እኔ ሲመለስ እጄ ይጠፋበታል፣ ፊቱን ስላዞረ የእሱ ቀኝ የእኔ ግራ ነው። ዛሬ አንዲት ፍየል ለጥቂት አመለጠች። ባለቤቷ በሶማሊኛ ረገመኝ፣ ረጅም እርግማን ነው፣ ግማሹ ገባኝ።

የህንዳዊው መላ፦ ወደ አንቺ ሲመጣ የትኛው ክንፍ ነው የዘቀዘቀው? ዘንጉን ወደዚያው ግፊ፣ እንደምትደግፊው። በቃ። ባጃጅ ውስጥ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ አውራ ጣቴ ብቻውን ይገፋል። ጓደኞቼ ምን ሆነሽ ነው ይሉኛል። ሪህ ነው እላለሁ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ፣ ጠ. 1፡10

ሙሉ ዙር። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አሸዋው ላይ በሆዱ አረፈ፣ ምንም ሳይሆን። ጭልፊት ተከተለችው፣ ከኋላው ዞረች፣ እንደማይበላ ገብቷት ሄደች። ብቻዬን ጮህኩ። ባለ አካፋው አጨበጨበ።

ደስ ብሎኛል። ይኸው ጻፍኩት። የዚያ ሰውዬ ንብረት ደስ ሊያሰኘኝ አይገባም ነበር፣ ግን አሰኘኝ። ጠዋት ነቅቼ መጀመሪያ የማስበው ነፋስ አለ ወይ የሚለውን ሆኗል። ሠርጉ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ነው፣ ሶፋው ላይ ልከሰክሰው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ፣ ጠ. 3፡30

ትናንት ፈረቃ ላይ የነጂማን ኮሌታ መለስኩ። እንደገና ሰፍታ አመጣች፣ እንደገና መለስኩ። አለቃዋ ሁሉም ፊት ሰደባት። ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች፣ ዓይኗ አብጦ ወጣች። ኮሌታው ደህና ነበር። ለአንቺ አልዋሽም፣ እንዲያውም ከሌሎቹ ያምራል።

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሲሰድቧት ይቅርታ ትላለች። ፉ. የሚወደው እንዲህ ያለችውን ነው።

የካቲት 9፣ እሑድ፣ ማታ 1፡00

አሁን ከሠርጉ ገባሁ።

የሙሽራዋ ቤት ደቻቱ ዳር ነው። የድንኳኑ ፊት ወደ ወንዙ ክፍት ነው፣ ሶፋው ከአሸዋው ይታያል። ከአሸዋ ክምር ጀርባ ቆምኩ። የረሳሁት ነገር፦ እኔ የተማርኩት በጠዋት ነው፣ ነፋስ ሳይነሳ። ሙሽራ የሚወሰደው ከሰዓት ነው። የከሰዓት የድሬ ነፋስ ደግሞ አሸዋ ያነሳል። ወረወርኩት፣ ወዲያው ገለበጠው፣ ያዝኩት፣ ገለበጠው፣ ያዝኩት። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አውሮፕላኑ ግን ወጣ። ከድንኳኑ በላይ ደረሰ።

ይጮሃሉ ብዬ ነበር። ቀና ብለው ፈገግ አሉ። የቪዲዮ ቀራጩ ድሮን መስሏቸዋል! ዛሬ ሠርግ ሁሉ ድሮን አለው። ሴቶቹ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ሙሽራው ደረቱን ነፋ። ነጂማ ሁለት እጇን አንስታ አወዛወዘችልኝ።

ዘንጉን ልገፋው ነበር። ሶፋው ቀጥ ብሎ ታየኝ። ያኔ እልልታው ተነሳ። አዝኜላቸው አይደለም፣ እንዳትሳሳቺ። ለእኔ እልል የተባለው በሕይወቴ አንድ ቀን ነው፣ እሱም ከፉ. ጋር በተጋባሁ ቀን። እንደገና ልስማው ብዬ አዞርኩት። እንደገና እልል አሉ። እንደገና አዞርኩት። ባትሪው ሲያልቅ መልሼ አሳረፍኩት፣ በዚያ ሁሉ ነፋስ፣ ክንፉ ሳይነካ።

ፉ. እንዲህ አድርጎ አብርሮት አያውቅም።

የካቲት 10፣ ሰኞ፣ ጠ. 4፡20

ሩቂያ መጣች፣ የፉ. እህት። የሠርግ ምግብ በሳህን ይዛ፣ ዓይኗ ቤቱን እየዞረ። ወንድሟ አውሮፕላኑን አውቆታል። ከክንፉ ፕላስተር በቀር የራሱ ነው። የላካት አንድ ጥያቄ ይዛ ነው፦ ማን ወንድ ነው ያበረረላት?

እኔ ነኝ አልኩ። ሳቀች። "አቦ ሀያት፣ ቀልድሽን ተይ" አለችኝ። እማን አየኋት። እማም ሳቀች።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ወሬውን ጨርሶታል። ሀያት ወንድ ይዛለች፣ ፓይለት ነው አሉ። አው ዩሱፍ ደወለ፣ ነውር ነው፣ ዓርብ ሳይውል ሳያድር ይመለስ፣ እንደነበረ። አልመልስም ብል እማ ጎረቤት ፊት መቆም አትችልም። ሳህኑን ለድመት ደፋሁት።

የካቲት 13፣ ሐሙስ፣ ከሰ. 7፡00፣ ፋብሪካ፣ እረፍት ላይ

ነጂማ ዛሬ ሥራ ገባች። እጇ ላይ ሂናው ገና ቀይ ነው። ከሠርጉ ጣፋጭ ሀልዋ በወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ዓይነት። ቂም የላትም፣ ይህ ነው የሚያበግነኝ።

ቆማ አወራችኝ። ነገ አውሮፕላኑ ይመጣል፣ ቅዳሜ ጠዋት ፉ. ጓደኞቹን ይዞ ደቻቱ ይወርዳል። እሷንም ይወስዳታል። ማብረር ያስተምራታል፣ ምሎላታል። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳጥኑን እንኳ ከፍቼ እንዳላይ የከለከለኝ ሰውዬ። ከዚያ ደግሞ፣ አቧራ ይኖረዋል፣ ዓርብ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ልወለውልለት ነው፣ ቅዳሜ ሲያየው ደስ ይለዋል አለችኝ።

በእርጥብ ጨርቅ።

አትንኪው የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፊቷን አየሁት፣ ያ ፈገግታ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያወዛወዘችው እጅ።

"ጥሩ አስበሻል" አልኳት። "በደንብ ወልውይው።"

ኮሌታዎቿን በሙሉ አሳለፍኩላት።

የካቲት 14፣ ዓርብ፣ ጠ. 5፡30

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ለመጨረሻ ጊዜ አበረርኩት። ነፋስ የለም። ከድልድዩ በላይ፣ ከግራሩ በላይ፣ ዞሮ ወደ እኔ ሲመጣ እጄ አልተሳሳተም። ባለ አካፋው ነገም ትመጫለሽ ወይ አለኝ። አልመጣም አልኩት። ከዚያ ክምሩ ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ለባሌ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም።

ቤት ገብቼ አሸዋውን አራገፍኩ። ሳጥኑ ውስጥ አስተኛሁት። ሪሞቱን አነሳሁ፣ በጥፍሬ ማብሪያዋን ወደ ታች መለስኳት። እንደነበረ ተብሏል፣ እንደነበረ።

ሩቂያ መጥታ ወሰደችው። ፕላስተሩን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ወንድየው ነው የጠገነው አልኳት። አመነችኝ።

ነገ ጠዋት ድልድዩ ላይ እቆማለሁ። ፉ. ክንፉን ሳያይ ይወረውረዋል፣ ሁሌም እንደዚያ ነው። ገና ሲነሳ ወደ ግራ ይጠቀለላል፣ ይወድቃል። ከዚያ ዞር ብሎ ነጂማን ያያታል። ትናንት ማታ ምን አደረግሽው ይላታል፣ እሷም ጠረግኩት ትላለች። የሚቀጥለውን ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ፈረቃ አብረን ነን። ጠረጴዛዋ ከእኔ ጠረጴዛ ይታያል። ሄጄ ስለ ማብሪያዋ ልነግራት እችላለሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ቅዳሜ እሷው ፊቱ ገልብጣ ታሳየው ነበር።

ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

ባጃጁ ውጭ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ልሂድ። አልነግራትም።