በር ላይ ያለው ጫማህ

ልጄ፣ ድምፅህ ቢጠፋም ይህ ወረቀት በሙሉ ጤና ያግኝህ። እኔ ደህና ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ጽሕፈቴ ይንጋደዳል፤ ግን ይህን ለሰው ማስጻፍ አልፈለግሁም።

ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድሮ ደግ ሆኗል። መንገዳችን ላይ መብራት ገባ፤ ደረጃችንም መደገፊያ ብረት ተተከለለት። ድስቱ አርሮብኝ ጢሱ ጎረቤት ከገባ ወዲህ ደግሞ አንዲት ሠራተኛ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ድስት የማያርርበት ሰው ያለ ይመስል። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንንም እንዲሁ ስትጠይቃት ከርማ፣ "ለጥቂት ቀን ይረፉ" ብላ በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ወሰደቻት። መጋረጃዋ እስካሁን እንደተዘጋ ነው።

"እማማ፣ ብቻዎን ነው የሚኖሩት?" አለችኝ ሠራተኛዋ።

"ከልጄ ጋር ነው። ሥራ ሄዷል።"

ስለዚህ ትተኸው የሄድከውን ጫማ በር ላይ አስቀመጥኩት። በዝናብ ቀን ደግሞ ሰው አድርጎት የገባ እንዲመስል ውኃ አፈስበታለሁ። ትናንት አጎንብሳ አየችውና፣ "ልጅዎ በዚህ ፀሐይ የት ረጥቦ መጣ?" አለችኝ። ዝናቡ ማቆሙን ልብ አላልኩም ነበር።

"ቧንቧ ጠጋኝ ነው" አልኳት።

ሳቀች። "እንግዲያው በሚመጣው ማክሰኞ መጥቼ ላግኘው፤ የእኔም ቧንቧ ያፈሳል።"

ሥራ እንደሚበዛብህ፣ ለእናት የሚተርፍ ጊዜ እንደሌለህ አውቃለሁ። ና አላልኩህም። ግን ማክሰኞ መንገድህ በዚህ በኩል ከሆነ፣ ጫማህን ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ እስከዚያ ይደርቅልሃል።

ደህና ሁንልኝ።

የወለደችህ እናትህ