ጓደኛሽ ስለሰጠችሽ ክኒን

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የትምህርት ቤቱ ማደሪያ ብርድ በረታብሽ? እኔና አባትሽ አለን። ወንድምሽ ከተለየን ወዲህ ቆሞ መሄድ ጤና ከተባለ ጤነኞች ነን።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሆድሽን ሲቆርጥሽ አጠገብሽ የምትተኛዋ ልጅ ክኒን እንደሰጠችሽ ጽፈሻል። "አክስቷ ሆስፒታል ስለምትሠራ ታውቃለች" ብለሻል። እዚህ ላይ ስደርስ ደብዳቤሽን አስቀምጬ ስልክ አነሳሁ።

ለመሆኑ አክስቷ እዚያ ምንድን ነው የምትሠራው? ጠይቀሻታል?

እኔም እኮ የሆስፒታል ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንሶላ ሳጥብና ስተኩስ ኖሬአለሁ። የሰፈሩ ሰው ግን "ዶክተሯ" ይለኛል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ እያደር ልጅ ባተኮሰው ቁጥር እኔ ዘንድ ይዘው ይመጡ ጀመር። እኔም ስሙ ሳይጥመኝ አልቀረም። በኮሪደር ሳልፍ ጆሮዬ የገባችውን ይዤ "እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚያደርጉት" እላለሁ። ብዙው በራሱ ይድናል፤ ምስጋናው ለእኔ ይሆናል።

ያን ሰኞ ወንድምሽ ቀኝ ጎኑን ይዞ ሲታጠፍ አባትሽ "ተነስ፣ እንሂድ" ብሎት ጫማውን ሊያደርግ ጓዳ ገባ። ወንድምሽ ሳቀ። "ቤታችን ዶክተር እያለች የምን ወረፋ ነው?" አለና ወደ እኔ ዞረ። "እማ፣ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ብርድ ነው፤ ያልፋል" ብዬ መለስኩለት።

አባትሽ ሲመለስ "አልሄድም" አለው። ሐሙስ ስንወስደው ሐኪሙ ለምን እንደዘገየን ጠየቀ። አባትሽ "ልጁ እምቢ ብሎ ነው" አለ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ልጄ፣ ጓደኛሽ ክፉ አይደለችም። የሚወድሽ ሰው የማያውቀውን ሲነግርሽም ፊቱ የሚያውቅ ሰው ፊት ነው፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። "ማን ነገረሽ? እሷስ ከማን ሰማች?" በያት፤ ብታኮርፍ ታኩርፍ። ክኒኑን አትዋጪ። አሁኑኑ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ነርስ ሂጂ፤ የሚያምሽን ቦታ በጣትሽ አሳያት። የቱ ጋ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ቀኝ ነው? ወደ ማደሪያው ስልክ ደጋግሜ ብደውልም አይነሳም። ይህን የአውቶቡሱ ሹፌር ዛሬውኑ ያደርስልሻል፤ ለምኜዋለሁ።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

ወረቀቱን አትቅደጂው። ለዕረፍት ስትመጪ ለአባትሽ ስጪው። እኔ አፍ የለኝም።

እናትሽ