የኋላ ኮፈኑ ላይ የጻፍኩት

ሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬም ስፖንጅ ሳጥብ ዋልኩ። ጋራዡ ውስጥ ሰው ሁሉ መኪና ይነካል፣ እኔ ባልዲ እነካለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ለዚህ ነው? ለባልዲ?

አለቃዬን ጋሽ ቀስበል እለዋለሁ። ስሙ አይደለም። እኔ ነኝ ያወጣሁለት፣ ከአፉ "ቀስ በል" ከሚለው ሌላ ስለማይወጣ። መኪና ማብረቅና ጭረት ማጥፋት የሱ ሥራ ነው። ከጎኑ ቀለም ቀቢው አለ፣ የተጋጨ የሚቀባ። እሱም ደንበኞቹም አሁን ጋሽ ቀስበል ነው የሚሉት። ሰውየው ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል...

ዛሬ ቀለም ቀቢው ምሳ በልቶ ሲያንቀላፋ ጫማዎቹን በወረቀት ቴፕ ከወንበሩ እግር ጋር አሰርኩለት። ሲነሳ... ኧረ በሳቅ ልሞት! ጋሽ ቀስበል አልሳቀም። "ቴፕ ከወደድክ ና" አለኝና አንድ ውዳቂ ኮፈን ላይ ጠርዝ ጠርዙን መሸፈን አስተማረኝ። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው፣ ማሽን ከነካው አለቀለት።

እዚህ ያስገባችኝ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ናት። ደጅ ጠንታ። እንዳልረሳው በየቀኑ ታስታውሰኛለች። እግዜር ይስጣት።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ማሽን ያዝኩ!!

ብዙም አልቆየ። ፖሊሹን ስፖንጁ ላይ አደረግሁና አየር ላይ አስነሳሁት። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የጋሽ ቀስበል መነጽር... ሁሉም ነጭ ነጠብጣብ። ቀለም ቀቢው "ኩፍኝ ያዘዎት እንዴ ጋሼ?" አለ። እሱ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም! የተቆጣው ግን እኔን ነው።

"መጀመሪያ ቀለሙ ላይ አስቀምጠው፣ ከዚያ አስነሳ። አትጫነው። እርሻ አይደለም። ቀስ በል።"

ከዚያ መብራት አምጥቶ ውዳቂው ኮፈን ላይ ዝቅ አድርጎ ያዘው። ለስላሳ የመሰለኝ ነገር የሸረሪት ድር ነው ለካ። ጭረት በጭረት። ጭረት ጉድጓድ ነው ይላል። ጉድጓዱን አትሞላውም፣ ዙሪያውን ትልጣለህ፣ እኩል እስኪሆን። ከቀለሙ በላይ እንደ መስታወት ያለች ስስ ሽፋን አለች፣ የሚላጠው ከሷ ነው። ባበረቅክ ቁጥር ትሳሳለች።

"ቆዳ አይደለችም። መልሳ አትበቅልም።"

እኔ ደግሞ መኪና እንዲያበራ የሆነ ነገር የሚቀቡት ይመስለኝ ነበር። ለካ እየላጡት ነው...

ሐሙስ፣ ጥር 8

ክንዴ ዝሏል። ማንኪያ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። እማዬ "መጠጥ ጀመርክ?" አለችኝ።

እሑድ፣ ጥር 11

እትዬ እየዘፈነች ልብስ አጠበች። ሆቴሉ ሊወስዳት ነው! እንግዶችን ከነሻንጣቸው በመኪናዋ ማመላለስ። ቋሚ ሥራ። በየማዕዘኑ ቆሞ ሰው መጠበቅ ቀረ። የሆቴሉ ሰውዬ ጥር 24 መኪናዋን አይቶ ይወስናል።

መኪናዋ ጥቁር ናት፣ ሰው ነድቶ ነድቶ የሸጣት። እትዬ ግን ከእኔ አስበልጣ ነው የምታያት። አምና እጮኛዋ ጥሏት ሲሄድ እንኳ እሷ ውስጥ ገብታ ነው ያለቀሰችው፣ መስኮት ዘግታ። እኔ በውጭ ሆኜ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ደፍጥጬ አሳየኋት። ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች ያን ቀን።

ዛሬ ግን "አንተ መቼ ነው ሰው የምትሆነው?" አለችኝ። እማዬ ፊት። ጎረቤት ፊት። መሬት በጣልኩት ካልሲ ምክንያት! ሰው አይደለሁም? እሺ። ነገ ታያለሽ።

ሰኞ፣ ጥር 12

ጠዋት። ጻፍኩላት። ደጃችን ያለው መንገድ እየተቆፈረ ስለሆነ መኪናዋ አቧራ ለብሳ እንደ ሰሌዳ ተመቻችታ አደረች። የኋላው ኮፈን ላይ፣ ሻንጣ የሚገባበት፣ በትልልቁ፦ "ባል ጠፋብኝ። ያገኘ ይመልስ።" ወደ ኋላ ሳትዞር ገብታ ሄደች። ጋራዥ ስደርስም ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር...

ማታ። አልሳቀችም።

ከኋላዋ የሚመጣው መኪና ሁሉ ጡሩምባ ሲነፋላት ውሏል። ተሳፋሪው እየሳቀ ይገባል፣ እየሳቀ ይወርዳል። ጥርሷ ላይ የሆነ ነገር የተሰካ መስሏት ቀኑን ሙሉ በመስታወት ስታይ ዋለች። አመሻሽ ላይ፣ ሹፌሮቹ የሚቆሙበት ቦታ፣ አንድ ቦርጫም ሹፌር ከጓደኞቹ መሃል እጁን አውጥቶ "አግኝቼዋለሁ! እኔ ነኝ!" አላት። ያኔ ነው ወርዳ ያየችው።

ጫማ ትወረውራለች ብዬ በሩ ጋ ተዘጋጅቼ ነበር። ምንም። ቁልፏን አስቀመጠች፣ ገብታ ተኛች። እማዬ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አፏን ያዘች። "ማሙዬ... በዚህ ይቀለዳል?"

አምና ስቃ የለ? በዚያው በእጮኛዋ ነገር? ምን ተለወጠ?

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ማልዳ አጥባታለች። ፀሐይ ሲወጣ ጠራችኝ።

"አንብብልኝ።"

"እትዬ፣ ታጥቧል እኮ፣ ምኑን..."

"አንብብ!"

ጎንበስ አልኩ። አለ። ቀለሙ ውስጥ። እያንዳንዱ ፊደል እንደ ቀጭን ፀጉር፣ አራት ነጥቡ ሳይቀር።

"ባል ጠፋብኝ..."

"ጮክ በል! ትምህርት ቤት የለቀቅኸው ማንበብ አቅቶህ ነው?"

"ያገኘ ይመልስ።"

ጎረቤት በመስኮት ያያል። እትዬ ሞተር አስነስታ ሄደች። የሷ ዓይን ቀልቷል... የእኔም ጆሮ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

በምሳ ሰዓት መኪናዋን ጋራዥ አመጣች። ጋሽ ቀስበል መብራቱን ይዞ አነበበ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

"በምን ጻፍከው?"

"በጣቴ።"

"በድንጋይ ነው የጻፍከው። አቧራ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ጣትህ እጀታው ነው።"

የቀለም ውፍረት የምትለካዋን ትንሽ መሣሪያ አስጠጋ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የሸጠላት ሰውዬ አብርቆ አብርቆ ነው የሸጠላት፣ ሽፋኗ ልታልቅ ምንም አልቀራት።

"ልጄ፣ ሁለት ዙር ብቻ ነው የምትችለው" አላት። "ሦስተኛ የለም።"

"ቀለም ቢቀባስ?"

ቀለም ቀቢው ከዚያ ማዶ "ከወር በኋላ ነው ተራ ያለኝ እህቴ" አለ።

እትዬ ወደ እኔ ሳትዞር "ያበላሸው ይሥራው" አለች። "እርስዎ ከጎኑ ይቁሙልኝ። በገዛ እጁ እያጠፋ ይየው።"

አርብ፣ ጥር 16

ጋሽ ቀስበል ቅጣት ያውቃል። ትናንት ከደጃችን አቧራ በላስቲክ አምጣ አለኝ። ውዳቂው ኮፈን ላይ በተነ። "ጻፍ" አለኝ። "ያንኑ። እሷ ላይ እንደጻፍከው።"

ጻፍኩ። አጥበን በማሽን አጠፋሁት። እንደገና ጻፍ። እንደገና አጥፋ። ቀለም ቀቢው ባለፈ ቁጥር "ኧረ ባልየው ገና አልተገኘም?" ይለኛል። የመጀመሪያ ቀን ያስቃል። ሁለተኛ ቀን አያስቅም። ሌላ ሰው ሲቀልድብኝ ጆሮዬ ይግላል... ይሄ ነው እንዴ ቀልድ የሚባለው?

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ገባኝ! ማሽኑን ስትጫነው ይታነቃል፣ ስትለቀው ይዘላል። መሃሉ ላይ አንድ ቦታ አለች፣ የራሱ ክብደት ብቻ የሚበቃው። እዚያ ስትይዘው ድምፁ ይለወጣል፣ ያጉረመርማል እንደጠገበ ድመት። በእጄ ጀርባ ሙቀቱን እነካለሁ፣ ለብ ካለ እሄዳለሁ፣ ካቃጠለ እቆማለሁ። በሁለት ዙር ጽሑፉ ድምጥማጡ ጠፋ። መብራት አዞርኩ፣ አጎነበስኩ፣ ምንም።

ጋሽ ቀስበል አየና "ሻይ ጠጣ" አለኝ። ከሱ አፍ ይሄ ሽልማት ነው።

ለእትዬ ልነግራት ክፍሏ ድረስ ሄድኩ። በሩ ዝግ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ዛሬ ነው። እትዬ መኪናዋን ትታ በእግሯ ሄደች፣ ነገ ከሰዓት ልትወስዳት።

ጠርዙን ሸፈንኩ። አንደኛ ዙር። "ያገኘ ይመልስ" ጭራሽ የለም። ሁለተኛ ዙር። "ባል" ሄደ። "ጠፋብኝ" ግን... ምነው ይሄን ቃል እንደዚያ ተጭኜ ጻፍኩት? ስስ ሆኖ አለ። መብራት ዝቅ አድርገህ ስታይ ነው እንጂ አይታይም።

"በቃ" አለ ጋሽ ቀስበል። "ማሽኑን ንቀል።"

"ጋሼ፣ አለ እኮ!"

"አለ። ይኑር። መብራት ይዞ የሚያጎነብስ የለም።"

"የሆቴሉ ሰውዬ ቢያጎነብስስ? ሻንጣ የሚጫንበት ቦታ ነው!"

"ቀስ በል። ከልክ ካለፈው ይልቅ የቀረው ይሻላል።"

እሱ ምን አለበት። እህቱ አይደለችም።

አርብ፣ ጥር 23

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ቀለም ቀቢው በር ከፍቶልኝ ወደ ቁርሱ ሄደ።

አንድ ቃል። አንድ ቃል ብቻ ነበር እኮ የቀረው። እሷ መጥታ ጎንበስ ስትል፣ ምንም ስታጣ፣ ስትስቅ... ያ ነበር የታየኝ። ቀስ ብዬ ነው የያዝኩት። አልተጫንኩም። እምላለሁ አልተጫንኩም። ድምፁም ልክ ነበር። ቃሉ እየሳሳ፣ እየሳሳ... "ብኝ" ብቻ ቀረ። ትንሽ። ትንሽ ደግሞ።

ስፖንጁን ሳነሳ ጥቁር ነው።

ነጭ ስፖንጅ። ጥቁር። እጄ ላይ ያለው የመኪናዋ ቀለም ነው።

ጽሑፉ የለም። በቦታው መዳፍ የሚያህል የደበዘዘ ግራጫ ነገር አለ፣ የከሰል ብናኝ የተረጨበት ይመስላል። ለዚህ መብራት አያስፈልግም። ከበሩ ላይ ይታያል።

ጋሽ ቀስበል ሲገባ አልጮኸም። ምነው በጮኸ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ፣ ጠቀለለው፣ ባልዲውን በእግሩ ወደ እኔ ገፋው። "እጅህ አላስቸገረኝም። ጆሮህ ነው።"

እትዬ ከሰዓት መጣች። አየችው። "ይተዉት፣ ይሄኛው አይነበብም" አለች። ለጋሽ ቀስበል ነው ያለችው። ቀልድ የማያልቅበት ቀለም ቀቢ እንኳ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

በግድግዳው በኩል ለእማዬ ስትነግራት ሰማሁ። ሰውዬው ከፊት ጀምሮ አየ። ወንበሩን ወደደ፣ ንጽሕናውን ወደደ። ከኋላ ዞረ። "እህቴ፣ እንግዳዬ ሻንጣውን ሲጭን ቆሞ የሚያየው ይሄን ነው?" ቀለም አስቀብቼ እመጣለሁ ብትለው፣ እሱ የሚፈልገው ለሰኞ ነው።

ሥራውን ቦርጫሙ ወሰደው። ተራው ከሷ ቀጥሎ ነበር።

እማዬ "ታናሽሽ እኮ ሊያሳምርልሽ ብሎ ነው..." አለች።

"አውቃለሁ እማዬ። ሲጽፈውም ሊያስቀኝ ብሎ ነው።"

ረቡዕ፣ ጥር 28

አታናግረኝም። ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ በእማዬ በኩል። እኔም እራት ላይ ቀልድ አወራሁ፣ ጥሩ ቀልድ፣ ስለ ቀለም ቀቢው። እማዬ ብቻዋን ሳቀች። የእማዬ ሳቅ ብቻውን ሲሆን እንዴት እንደሚያስጠላ...

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ባልዲ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ጠዋት ጋሽ ቀስበል ማሽኑን እጄ ላይ አስቀመጠ። "ዛሬ አንተ ነህ።"

መኪናዋን ሳይ አወቅኋት። የቦርጫሙ። ሆቴሉ ፊት በየቀኑ ስለምትቆም እንድታበራ ፈልጓል።

"ጋሼ፣ ይቺን እርስዎ ይሥሩልኝ።"

"ለምን?"

ገመዱን መፍታት ጀመርኩ። ያውቃል። አውቆ ነው የሚጠይቀኝ።

ማን ያየኛል? አንድ ጠርዝ ላይ ትንሽ ዘንበል ማድረግ ነው። ወይም ጥፍር። እጄ መንገዱን ያውቃል... እውነቱን ለመናገር ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው። ማሽኑ ግን ሲያጉረመርም እጄ ዝም ብሎ የራሱን ሥራ ይሠራል። ጠርዙን ሸፈንኩ። ለካሁ። ሁለት ዙር። አንድ ቀጭን ጭረት በሩ ላይ ቀረች፣ መሣሪያው አይበቃም አለኝ፣ ተውኳት። ማንም ሳይናገረኝ ተውኳት። ምነው ያኔ...

ከሰዓት ወደ ፀሐይ አወጣናት። ውኃ ትመስላለች። ቦርጫሙ መጣና ሆዱን በኮፈኑ ላይ እያየ ዞረ። ከዚያ ወደ እኔ፣

"አንተ የዚያች ልጅ ወንድም አይደለህ? እህትህ ባሏን አገኘች?"

መልስ ነበረኝ። ስለ ቦርጩ፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ሻንጣና ስለ እሱ የቱ እንደሚከብድ... ሰው ሁሉ እስኪንከባለል የሚያስቅ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"ለሁለት ቀን አያጥቧት ጋሼ" አልኩት።

እሱ ከጋሽ ቀስበል ጋር ሲያወራ እትዬ በር ላይ ደረሰች። የቀለም ተራዋ መቼ እንደሚደርስ ቀለም ቀቢውን ልትጠይቅ ነው። መኪናዋን አየች። የማን እንደሆነች ታውቃለች፣ በየቀኑ ጎን ለጎን ሲቆሙ የኖሩ ናቸው። የምትመለስ መስሎኝ ነበር፣ ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች። ሻንጣ የሚጫንበት ጋ ጎንበስ ብላ በፀሐይ አንጻር ከዳር እስከ ዳር አየችው። ረጅም ጊዜ። ምንም የለም። እኔ አውቃለሁ ምንም እንደሌለ።

"ማን ነው የሠራት?" አለችው ጋሽ ቀስበልን።

በአገጩ ወደ እኔ አሳየ።

"ጎበዝ ልጅ ነው ያለዎት" አለች። የሌላ ሰው ልጅ እንደሚመሰገን። ፈገግም አለች፣ ጨዋ ደንበኛ ፈገግ እንደምትለው።

ጨርቁን ይዤ ቆሜ ነበር። እጄን ወደ ኋላ አደረግሁት።

"እናመሰግናለን" አልኳት።