ስምዖንን የዘለልሁባቸው አምስት እሑዶች

ጎንደር፣ ማራኪ
ማክሰኞ፣ የካቲት ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን

ይድረስ ለንስሐ አባቴ፦

መስቀልዎን በሩቅ ሆኜ ተሳልሜ፣ ጉልበትዎን ስሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንዴት ሰነበቱ አባ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ቅዳሴ መካከል ያቋርጥዎታል? መነጽርዎ ተሰብሮ በክር አስረው እንደሚያነቡ ሾፌሩ አንዱዓለም ነግሮኛል፤ ስለዚህ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌ እጽፋለሁ። ደግሞ አደራ፣ ይህን ወረቀት ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። ለዲያቆኑ እንዳይሰጡት፤ አፉ አያርፍም።

እንዴት ነሽ ቢሉኝ፣ በደብዳቤ ወግ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ዛሬ ግን አልልም። አምስት ሳምንት ሙሉ ስዋሽ ከርሜአለሁ፤ ለእርስዎ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ከኮሶዬ ወዲያ ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ከአንዱዓለም ሚኒባስ በቀር መልእክተኛ የለንም። እሱም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል፤ አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል።

ነገሩን ከሥሩ ያውቁታል። ሠርጌ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዳሱ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ እኔ በጓሮ ወጥቼ ወደ ጎንደር ኮበለልሁ። ዮናስ እንኳ ሲሸሽ የመርከብ ዋጋ ከፍሎ በወጉ ተሳፍሯል፤ እኔ የመጣሁት በጭነት መኪና ላይ፣ የገብስ ጆንያ መካከል ተቀብሬ ነው። አባዬ «በቤቴ ስሟን ያነሣ ከእኔ ጋር አይደለም» ብሎ ገዘተ። እርስዎ ሦስት ጊዜ ለዕርቅ ገብተው ሦስቴም እንቢ እንዳለዎት ሰምቻለሁ። እኔም የእሱ ልጅ አይደለሁ? አንድ ቀን እንኳ «ይቅር በለኝ» ብዬ አልላክሁም። እንዲህ ሆነን ስድስት ዓመት አለፈ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከልብስ ስፌቱ ስመለስ፣ አንዱዓለም አባዬን ደግፎ ደጄ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ሆዱ ተነፍቷል፤ እጁ ግን የእንጨት ስንጥር አክሏል። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድሁ። እሱ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ «ዳዊትሽን ይዘሽ ነው የሄድሽው ወይስ ጥለሽው?» አለኝ። ይዤው ነው አልሁት። «ሸጋ» አለና ገባ። ዕርቃችን ይኸው ነው አባ፤ ሽማግሌም አልተቀመጠበት።

ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኛ። በገና ማግሥት ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠራኝና፣ «እህቴ፣ ጉበቱ አልቋል። ከእንግዲህ እዚህ የምናደርግለት የለም። አገሩ ውሰዱት፣ ከቤተሰቡ ጋር ይሁን» አለኝ። እሺ ብዬ፣ አመስግኜ፣ እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ ወደ አባዬ ተመለስሁ። ከዚያ አፌን ሞልቼ ዋሸሁት። «ሐኪሙ በየሳምንቱ ላየው ብሏል፤ ከከተማ አትውጣ» አልሁት። እሱም «እሺ» አለኝ። ለእናቴም በአንዱዓለም አፍ «እየተሻለው ነው» ብዬ ላክሁ። እሷ ልምጣ ባለች ቁጥር «መንገዱ አይመችም፣ ከብቱን ለማን ትተሽ» እያልሁ መለስኋት። የተከራየኋት ክፍል አንድ አልጋ ብቻ ናት የምትይዘው፤ እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ መሬት ላይ ከረምን።

ምነው እንዲህ አደረግሽ ይሉኛል። አባ፣ ስድስት ዓመት የተራበ ሰው ገበታ ሲቀርብለት ተነሥ ቢሉት ይነሣል? አገሩ ከወሰድሁት ቤቱ ጠያቂ ይሞላል፤ እኔ ወጥ ቤት እገባለሁ፤ አባቴን የአገር ሰው ይካፈለኛል። እዚህ ግን የእኔ ብቻ ነበር።

ደግሞ ቃሉ ነበረን። እንደ አስተማሩኝ ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ዳዊት እደግማለሁ። እሱ ፊደል ባይቆጥርም አባቱ ዳዊት ደጋሚ ስለነበሩ በጆሮው ያውቀዋል፤ ስሳሳት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቀን ቀን መጽሐፍ ቅዱስ አነብለታለሁ። ምግብ እንቢ ያለ ቀን ኤልያስን አወጣለሁ፤ ከዛፉ ሥር ተኝቶ «በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰድ» ሲል መልአኩ ቀስቅሶ «ተነሥተህ ብላ» ያለውን። አባዬም «እንግዲህ መልአክ ካዘዘ ምን ይደረጋል» ይልና እትዬ ሃጂራ የሠራችለትን የአጃ ሾርባ ሁለት ማንኪያ ይቀምሳል። እትዬ ሃጂራ አከራዬ ናት፤ እስላም ናት፤ እንደ እናት ሆናልኛለች። እኔ ስፌት ስውል እሷ ነበረች የምትጠብቀው።

ገላውን ሳጥበው ማፈሩ ግን ባሰብኝ። ፊቱን ያዞራል፤ «ሴት ልጅ ነሽ፣ ተዪኝ» ይላል። አንድ ቀን ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን አነበብሁለት። ጴጥሮስ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ያለው ላይ ስደርስ ፊቱን መለሰልኝ። ጨርሼ መጽሐፉን ሳስቀምጥ፣ ሁለቱን እግሮቹን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ። ያን ቀን ያለቀስሁት ልቅሶ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላለቀስሁት ነው።

ከሁሉ የያዝሁት ግን ሕዝቅያስን ነው። ንጉሡ ታሞ ለሞት ሲደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም አሥራ አምስት ዓመት ጨመረለት። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ለመንሁ። አሥራ አምስት አልጠየቅሁም፤ ስድስቱን ብቻ መልስልን አልሁ። ኋላ እንደ አብርሃም እየቀነስሁ ሦስት ይሁን፣ እሺ አንድ፣ እሺ እስከ ፋሲካ አልሁ። ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አድርጎለት የለ? እኔ ሞኟ ከገበያ ሾላ ገዝቼ፣ ወቅጬ፣ ሆዱ ላይ ለጠፍሁለት። አባዬ አየት አድርጎኝ፣ «ሽንኩርቱን መቼ ልትጨምሪ ነው?» አለኝ። እትዬ ሃጂራ ከበሩ ላይ ቆማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። እሑድ የነቢያት ጸሎት ነው፤ አሥራ አምስት ናቸው ብለው ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። አሥራ አራቱን አነብና መጨረሻው፣ የሽማግሌው ስምዖን ጸሎት ላይ ስደርስ መጽሐፉን እዘጋለሁ። «አሁን ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ» የሚለውን በአፌ ካወጣሁ፣ በል ሂድ ብዬ የፈቀድሁለት መሰለኝ። የመጀመሪያው እሑድ ዘለልሁት። ሁለተኛው ጥምቀት ነበር፤ ከተማው እልል እያለ ታቦት ሲያጅብ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ዘለልሁት። ሦስተኛውም አራተኛውም እንዲሁ አለፉ። ለእትዬ ሃጂራ የሐኪሙን ነገር የነገርኋት ያኔ ነው። «ለእሱ ብለሽ ነው የምታስቀሪው ወይስ ለራስሽ?» አለችኝ። ተቆጣኋት። ሁለት ቀን አኮረፍኋት።

ከትናንት ወዲያ፣ አምስተኛው እሑድ፣ ዳዊቴን ስዘጋ አባዬ ዓይኑን ገለጠና፣ «ስምዖን ምን በደለሽ?» አለኝ። ክው አልሁ። «አሥራ አራቱን አስገባሽ፤ ሽማግሌውን ከደጅ ዘጋሽበት። አምስት እሑድ ዝም ብዬ አየሁሽ» አለ። ረስቼው ነው አልሁ። «የአባ ተማሪ ሆና ስምዖንን የምትረሳ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሕመም ሆነበት። እዚያው እግሩ ሥር ወድቄ ሁሉን ተናዘዝሁለት፤ ሐኪሙ ያለውን፣ የዋሸሁትን፣ ለእናቴ የላክሁትን። እሱ ግን አልደነገጠም። ሐኪሙ ለእሱ አስቀድሞ ነግሮት ኖሯል! ታዲያ ምነው ዝም አልህ አልሁት። ምን አለኝ መሰለዎት? «ስድስት ዓመት የቀማሁሽ እኔ አይደለሁ? አምስት ሳምንት ብትቀሚኝ ምን አለበት ብዬ ነዋ።»

 ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ስምዖን ልሂድ ያለው ኑሮ መርሮት አይደለም። ሲጠብቀው የኖረውን ስለታቀፈ ነው» አለኝና እጁን ከራሴ ላይ አሳረፈ። አነበብሁለት። «ይእዜ ትስዕሮ ለገብርከ» ስል በከንፈሩ ይከተለኝ ነበር። ስጨርስ፣ ቅዳሜ የስምዖን በዓል ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተቀምጦ ቅዳሴውን ሊሰማ እንደሚፈልግ፣ ከእናቴም ብዙ የሚጨዋወተው እንዳለ ነገረኝ። «ነገ ሰኞ እንሂድ» አለ።

አባ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው እጄ ለመጻፍ እንቢ የሚለኝ። እኔ ነኝ ሰኞን እንቢ ያልሁት። ጋቢህ ቆሽሿል፣ ልጠብልህ፣ እስኪደርቅ ረቡዕ ይሁን አልሁ። ጋቢ በአንድ ቀን ፀሐይ እንደሚደርቅ ልጅም ያውቃል። እሱም ያውቃል። ግን አየኝና፣ «እሺ፣ ረቡዕ» አለኝ። ሁሉን ይቅር ካለኝ በኋላ እንኳ ሁለት ቀን ሰረቅሁት። ለእናቴ ትናንት «ረቡዕ ይመጣል» ብዬ ላክሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት የኋላውን ወንበር በሙሉ እንዲይዝልን ለአንዱዓለም ልነግረው ወደ ፒያሳ ወረድሁ። እናቴ ምን እንዳለች ነገረኝ፤ ቤቱን ለቅልቃ፣ መደቡ ላይ አዲሱን ምንጣፍ አንጥፋ፣ «እግሩ ከደጅ ሳይረግጥ እሰማዋለሁ» ብላለች። ደስ ብሎኝ ብርቱካን ገዝቼ በባጃጅ ተመለስሁ። እትዬ ሃጂራ ከግቢው በር ላይ ቆማ ነበር። ሥራ ፈትታ ቆማ አይቻት አላውቅም። ብርቱካኑን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ከዚያ አቀፈችኝ። «ብቻውን አልነበረም፤ እጁን ይዤው ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ የምለምንዎት ይህን ነው። ረቡዕ ብያት ነበር፤ ረቡዕ እናመጣዋለን። ቀኑ አልተለወጠም። ገንዘን እስክንጨርስ የአንዱዓለም መኪና ይሄዳል፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላም መንገዱ ስለማይኬድ ዛሬ ማድረስ አልቻልንም፤ ጎሕ ሲቀድ በኮንትራት መኪና እንነሣለን። ዛሬ ማታ ለእናቴ ምንም እንዳይነግሯት። ጾም ውላለች፤ እህል ትቅመስ፣ እንቅልፏንም ትተኛ። ነገ መኪናው ሳይደርስ፣ ማለዳ፣ የአባዬን ወንድም አያ አለነን ይዘው ይግቡላት። ጎረቤቷን የትነበርሽንም ይጥሩ፤ ስትወድቅ የምትይዛት እሷ ናት። ያነጠፈችውን ምንጣፍ አያስነሡባት፤ እዚያው ላይ እናሳርፈዋለን። ለምን ቀድማችሁ አላመጣችሁትም ስትል፣ በእግዚአብሔር አያሳብቡ። ልጅሽ ናት ያስቀረችው ብለው ይንገሯት። ትርገመኝ ከፈለገች፤ ፊቷ እቆማለሁ።

የሚገባኝን ቀኖና እርስዎ ይስጡኝ፤ አልከራከርም። ለነነዌ የራራ አምላክ ለእኔም ይራራ እንደሁ አላውቅም፤ እርስዎ ይለምኑልኝ። ጸሎትዎ አይለየን፤ በረከትዎ በእናቴ ላይ ይደር።

አንድ ነገር ቀረኝ። እስከ ዛሬ ስለ ሕሙማን ሲጸልዩ የክርስትና ስሙን አብረው ያነሡልኝ ነበር። ከነገ ጀምሮ እዚያ ላይ አያንሡት። የት እንደሚያነሡት እርስዎ ያውቃሉ።

የንስሐ ልጅዎ